ቬንትሌተሩ ወዴት ዞሮ ነበር?

አንድ ሰው ነበረ። ድሬዳዋ ውስጥ የሚኖር፣ በጭነት መኪኖች ድርጅት ውስጥ የስምሪት ሠራተኛ የሆነ፣ እናቱን በጣም የሚወድ ሰው።

እናቱን የሚወድ ነው ያልኳችሁ። ይህን አደራ እንዳትረሱብኝ። ታሪኩ መሃል ስንደርስ ልትፈርዱበት ትቸኩላላችሁና።

ስሙ ደምሰው ነው። ታሪኩን እንድነግራችሁ እሱም ሚስቱ ሰናይትም ፈቅደውልኛል። እንዲያውም ደምሰው «ሳታለዝብ ንገራቸው» ብሎኛል። ስለዚህ ሳላለዝብ እነግራችኋለሁ።

የደምሰው እናት እማማ አስናቀች ይባላሉ። ዘማሪ ነበሩ። በወጣትነታቸው ከመዘምራኑ ጋር የቆሙ፣ ጸጉራቸው ከሸበተም በኋላ ከዚያ ረድፍ ያልወጡ ሴት ናቸው። አንድ ቀን ጠዋት ፊታቸውን ሊታጠቡ ብድግ ሲሉ ወደቁ። ሐኪሞቹ ስትሮክ ነው አሉ። ቀኝ ጎናቸው አልታዘዝ አለ፤ አንደበታቸውም ተያዘ። ያ ሁሉ መዝሙር የወጣበት አፍ «ውኃ ስጡኝ» ማለት አቃተው።

ደምሰው እናቱን ወደ ቤቱ አመጣቸው። ጓዳ አላስገባቸውም። የሳሎኑን ሶፋ አስወጥቶ አልጋቸውን እዚያ ዘረጋላቸው፤ እንግዳ የሚቀመጥበት፣ የቤቱ ሰው ሁሉ የሚያልፍበት ቦታ። ሰናይት ታጥባቸዋለች፣ ታገላብጣቸዋለች፣ በማንኪያ ታጎርሳቸዋለች። እሱ ሥራ ሲውል እሷ፣ እሷ ስትወጣ እሱ አጠገባቸው ይሆናሉ። ከመካከላችሁ በሽተኛ ያስታመመ ያውቀዋል፤ ቀላል ነገር አይደለም።

አንድ ነገር ግን ደምሰውን አላስተኛ አለው። እሑድ ሲመጣ እናቱ ወደ በሩ ያያሉ። ደወል የሰሙ ያህል ያያሉ። ሰው ለብሶ ሲወጣ ዓይናቸው ይከተለዋል፤ በሩ ሲዘጋ ዓይናቸውን ይከድናሉ። አምልኮውን በስልክ ሊያሳያቸው ሞከረ። ስክሪኑ ለደከመው ዓይናቸው ጠበበ። ቴሌቪዥን ላይም ከፈተላቸው፤ ትንሽ ያፈጡና ፊታቸውን ያዞራሉ።

ስለዚህ ፕሮጀክተር ገዛ።

ታውቁታላችሁ፤ እዚሁ አዳራሻችን ውስጥ የመዝሙሩን ግጥም ግድግዳው ላይ የሚያሳየን ዓይነት ዕቃ ነው። ደምሰው ከአልጋው ፊት ለፊት ያለውን ግድግዳ ነጭ ቀባው። በመጀመሪያው እሑድ የቤተ ክርስቲያኑን ቀጥታ ስርጭት ሲከፍት መዘምራኑ ግድግዳው ላይ በቁመታቸው ቆሙ። እማማ አስናቀች ያዩዋቸዋል። እያንዳንዳቸውን ያዩዋቸዋል። እንባቸው በጉንጫቸው ወርዶ ትራሱን አራሰው። ደምሰውም አለቀሰ። ሰናይትም አለቀሰች።

ወገኖቼ፣ ከዚህ የበለጠ የልጅ ስጦታ አለ? እኔ አላውቅም።

ነገር ግን ሦስተኛው መዝሙር ላይ ግድግዳው ጨለመ። ድምፁም ጠፋ። ዕቃው ላይ ቀይ መብራት ብልጭ ብልጭ ይላል።

ደምሰው ነገር ሲይዝ የዋዛ ሰው አይደለም። የሚያውቁትን ጠየቀ፤ ከካርቶኑ ጋር የመጣውን መመሪያ አነበበ። ነገሩ እንዲህ ነው። ፕሮጀክተር ውስጡ ኃይለኛ አምፖል አለ፤ አምፖሉ በጣም ይግላል። እንዳይቃጠል በአንድ ጎኑ አየር ይስባል፣ በሌላው ጎኑ ትኩሱን አየር ይተፋል። አየሩ ከታፈነ ወይም ማስገቢያው አቧራ ከያዘ፣ ሙቀቱ መውጫ ያጣና ዕቃው ራሱን ያጠፋል። ዙሪያውን ክፍት ቦታ ይፈልጋል። ሲዘጋም ወዲያው ከሶኬት መንቀል የለበትም፤ ውስጡ ያለው ትንሽ ማራገቢያ እስኪያበርደው መጠበቅ አለበት።

ደምሰው ይህን ሁሉ አወቀ። ያወቀውንም አንድ በአንድ አደረገ።

በመጀመሪያ አቧራውን ተዋጋ። የድሬን አቧራ ታውቁታላችሁ። መስኮቱ ከተከፈተ የአየር ማስገቢያው ማጣሪያ ወዲያው ይደፈናል። ስለዚህ መስኮቱን ዘጋ። ለማን ብሎ? ለእናቱ ብሎ።

ከዚያ ብርሃኑን ተዋጋ። ቀን ላይ ፀሐይ ከገባ ግድግዳው ላይ ያለው ምስል ይገረጣል። ስለዚህ መስኮቱ ላይ ወፍራም ብርድ ልብስ ሰቀለ። ለማን ብሎ? ለእናቱ ብሎ።

ከዚያ ቦታውን አሰበ። ጠረጴዛ ላይ ሲሆን ግድግዳው በጣም ቀረበው፣ አየሩም ታፈነ። ጥሩው ቦታ ኮርኒሱ መሃል ነው። ኮርኒሱ መሃል ላይ ግን የጣሪያው ቬንትሌተር ተሰቅሏል፤ በድሬዳዋ ሙቀት ከእናቱ አልጋ በላይ ቀን ከሌት የሚሽከረከረው። ደምሰው መሰላል አቆመና አወረደው። በዚያው ብረት ላይ፣ በዚያው ገመድ ፕሮጀክተሩን ሰቀለ።

ሰናይት ከታች ሆና መሰላሉን ይዛለታለች። «ደምሰው፣ እማማስ?» አለችው።

«የጠረጴዛውን ቬንትሌተር አደርግላታለሁ» አላት።

እውነቱን ነው፤ አደረገላቸው። የጠረጴዛው ቬንትሌተር ከአልጋቸው አጠገብ ወንበር ላይ ተቀመጠ፤ ለጥቂት ጊዜ። ግንቦት ገባና ሙቀቱ ሲበረታ ያ ቀይ መብራት እንደገና ብልጭ አለ። ደምሰው ቬንትሌተሩን አንሥቶ ቁምሳጥኑ ላይ ሰቀለው፤ ፊቱንም ወደ ፕሮጀክተሩ አዞረው። ፕሮጀክተሩ ከዚያ በኋላ አልጠፋም። የተፋው ትኩስ አየር ደግሞ ወዴት ሄደ? ወደታች። ወደ አልጋው።

ሰናይት ነገረችው። «አንሶላቸው እርጥብ ነው፤ ላብ ነው። መስኮቱን ልክፈት» አለችው።

«አሁን ስርጭቱ ሊጀምር ነው። ሲያልቅ ትከፍቺዋለሽ።»

«ሲያልቅ ደግሞ አቧራ ይገባል ትላለህ።»

«ሰናይት፣ ለእኔ ብዬ ነው እንዴ? ለእሷ ብዬ እኮ ነው!»

እንግዲህ ለዚህ ምን ይመለስለታል? እሷም እርጥቡን አንሶላ ትቀይር ጀመር። ሰው «ለእናቴ ብዬ ነው» ሲል ማን ይከራከረዋል?

በዚያ ሰሞን አንድ ነገር ተጨመረ። መዝሙር ሲከፈት እማማ አስናቀች ደህና በሆነው በግራ እጃቸው የአልጋውን ብረት መምታት ጀመሩ። ቀስ ብለው፣ በጣታቸው አጥንት፣ ኳ ኳ ኳ። ደምሰው የደስታው ብዛት! «ምቱን እየያዘች ነው! እማዬ መዘመር ጀመረች!» አለ። ሊጠይቅ የመጣውን ሁሉ አልጋው ጋ እያቀረበ «ስሙ፣ ስሙ» ይላል። እንግዶቹም ይሰማሉ፤ እግዚአብሔርን ያመሰግናሉ። አንዳንዱ በስልኩ ይቀርጻል። ከዚያ ላባቸውን እየጠረጉ ወደ በረንዳው ይወጣሉ።

አዎ፣ ይወጣሉ። እነሱ እግር አላቸው።

ከዚያ ያቺ እሑድ መጣች። ሰናይት ቤተ ክርስቲያን የመሄድ ተራዋ ነበር። ደምሰው ከእናቱ ጋር ቀረ። መስኮቱ ተዘግቷል፣ ብርድ ልብሱ ተጋርዶበታል፣ በሩም ብርሃን እንዳያስገባ ተገጥሟል። ውጭ ያለው ፀሐይ የቤቱን ቆርቆሮ ያግለዋል። ግድግዳው ላይ መዘምራኑ ቆመዋል። ከላይ ፕሮጀክተሩ እፍ ይላል። እማማ አስናቀች ብረቱን ይመታሉ። ኳ ኳ ኳ።

ደምሰው ፈገግ ብሎ አያቸውና ወደ ግድግዳው ዞረ።

ድንገት ጨለመ። ቀይ መብራት። መዝሙሩ ቆመ።

«ኤጭ!» አለና ወንበር ስቦ ወጣበት። በእጁ ሲዳስሰው ፕሮጀክተሩ ያቃጥላል። ቬንትሌተሩን ይበልጥ አስጠጋው። ያ አልበቃ ብሎት የካርቶን ቁራጭ አነሣና ያራግብለት ጀመር። ወንበር ላይ ቆሞ፣ ላቡ በጀርባው እየወረደ፣ በሁለት እጁ ያራግባል።

አሁን በደንብ ስሙኝ። መዝሙሩ ቆሟል። ኳ ኳ ኳ የሚለው ድምፅ ግን አልቆመም።

መዝሙር በሌለበት ምት አለ? ዘፈን በሌለበት ጭብጨባ አለ? እናቱ አሁንም ብረቱን ይመታሉ። ደምሰው ሰምቷል። ጀርባውን እንደሰጣቸው «ቆይ እማዬ፣ አሁን ይመጣልሻል። ትንሽ ይብረድለት» አላቸው።

ኳ... ኳ።

«መጣ፣ መጣ፣ ትንሽ ታገሺኝ።»

ኳ።

ከዚያ ድምፁ ቆመ። ደምሰውም «ሰምታኛለች፤ እየታገሰችኝ ነው» ብሎ አሰበና ማራገቡን ቀጠለ።

ሰናይት ደርሳ በሩን ስትከፍተው የመታት ሙቀት ወደኋላ መለሳት። ጨለማ ነው። ከውጭ በገባው ብርሃን መጀመሪያ ያየችው ባሏን ነው፤ ወንበር ላይ ወጥቶ ሲያራግብ። ቀጥላ አልጋውን አየች። እማማ አስናቀች አንገታቸው ወደ ጎን ወድቋል። ከንፈራቸው ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ዓይናቸው ግማሽ ተከፍቶ ነጩ ይታያል። ግራ እጃቸው ከአልጋው ወደታች ተንጠልጥሏል።

ሰናይት አልጮኸችም። ደምሰው እስከ ዛሬ ድረስ «ብትጮኽብኝ ይሻለኝ ነበር» ይላል። በቀስታ ነው የጠየቀችው።

«ደምሰው፣ ማንን ነው የምታራግበው?»

ዞሮ አየ። ካርቶኑ ከእጁ ወደቀ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ሩጫ ነው። ሰናይት ብርድ ልብሱን ከመስኮቱ ገነጠለችው። ደምሰው እናቱን እንደ ሕፃን ታቅፎ እየጮኸ ወጣ። ጎረቤታቸው ጀማል ባጃጁን እያጠበ ነበር። «አቦ ምን ሆናችሁ? እማማ ናቸው? ግቡ፣ ግቡ!» አለ። የሳሙናው አረፋ ከባጃጁ ላይ ሳይታጠብ በረሩ። መንገድ ላይ ጀማል እየነዳ፣ በአንድ እጁ ውኃ የያዘ የላስቲክ ጠርሙስ ወደኋላ አቀበላቸው። ሰናይት በነጠላዋ ጫፍ እያስነካች ግንባራቸውን፣ አንገታቸውን፣ ብብታቸውን አራሰች።

ሆስፒታል ግሉኮስ ሰኩላቸው። ወጣቷ ሐኪም ከመረመረቻቸው በኋላ ወደ ደምሰው መጣች።

«ሙቀት ነው የጎዳቸው፤ ሰውነታቸው ውኃ ጨርሷል። ይህ የአንድ ቀን ነገር አይመስለኝም። ለብቻቸው ነው የሚውሉት?»

«አይ፣ ሰው አለ።»

«ዛሬ ማን ነበር?»

«እኔ።»

«ወጣ ብለህ ነበር?»

«አጠገቧ ነበርኩ» አለ። ሐኪሟ ካርዱ ላይ ጻፈች። እሱም ማንም ሳይጠይቀው ደገመው፤ «አጠገቧ ነበርኩ።»

እግዚአብሔር መሐሪ ነው፤ እማማ አስናቀች ተረፉ። ቀስ በቀስ ዓይናቸው ተመለሰ፣ ከንፈራቸው ረጠበ። ደምሰው ሌላ ሰው እንዲያስታምም አልፈቀደም፤ አልጋው ጥግ መሬት ላይ ተቀመጠ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እናቱ ግራ እጃቸውን አነሡና የሆስፒታሉን አልጋ ብረት መቱ። ኳ ኳ።

ደምሰው ብድግ አለ። በዚያ ክፍል መዝሙር የለም። ምንም የለም። ጎንበስ ብሎ «ውኃ ነው እማዬ?» አላቸው።

እናቱ ዓይናቸውን ከደን ከፈት አደረጉ። ኩባያውን አቀረበላቸው። ጠጡ። ረጅም ጊዜ ጠጡ።

«ቤትም... መዝሙሩ አልነበረም?» አላቸው። «ውኃ ነበር የምትጠይቂኝ? መስኮት ነበር?»

እማማ አስናቀች አንደበት የላቸውም። ቢኖራቸው ምን ይሉ እንደነበር አናውቅም። ያደረጉትን ግን ሰናይት አይታ ነግራኛለች። ያንን ግራ እጃቸውን ቀስ ብለው አንሥተው የልጃቸው ግንባር ላይ አኖሩት። ላቡን ጠረጉለት። ደምሰው ፊቱን አንሶላው ውስጥ ቀብሮ አለቀሰ።

ቤት ሲመለሱ የጣሪያው ቬንትሌተር ወደ ቦታው ወጣ። ፕሮጀክተሩም አልተጣለም፤ ዕቃው ምን አጠፋ? ከመስኮቱ ሥር፣ ትኩስ አየሩ ወደ ደጅ በሚወጣበት በኩል ተቀመጠ። ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ መስኮቱን ሳይዘጉ ያበሩታል። ምስሉ ትንሽ ገርጣ ይላል። አቧራ ስለሚገባም ማጣሪያውን ቶሎ ቶሎ ያጸዳል። ደምሰው ግን አሁን ወደ ግድግዳው አይቀመጥም። ወደ እናቱ ዞሮ ይቀመጣል።

ታሪኩ ይህ ነው።

ወገኖቼ፣ ደምሰው ክፉ ልጅ ነው? አይደለም። ከመካከላችን ሳሎኑን ለበሽተኛ የለቀቀ ስንት አለ? ክፋት ቢሆን ኖሮ ማስጠንቀቅ ቀላል ነበር። እኔን የሚያስፈራኝ በፍቅር የተጀመረ መሆኑ ነው። ለእናቱ ብሎ ያመጣው ዕቃ የእናቱን አየር ወሰደ። የእናቱን ነፋስ ወሰደ። በመጨረሻም የልጃቸውን ፊት ወሰደባቸው። እያንዳንዷ እርምጃ ትክክል ትመስል ነበር። እያንዳንዷ እርምጃ «ለእሷ ብዬ ነው» ትል ነበር።

እስቲ እናንተም ቤታችሁን ተመልከቱ።

ለልጆቼ ብዬ ነው የምሠራው ትላላችሁ። እውነት ነው። ልጃችሁ ግን ከእናንተ ጋር ቁጭ ብሎ የተናገረው የመጨረሻ ነገር ምን ነበር? ለሚስቴ ብዬ ነው ቤቱን የማሠራው ትላለህ። ሚስትህ አሁን በምትኖርበት ቤት ውስጥ ዝም ካለች ስንት ጊዜዋ ነው? ዝምታዋን ሰላም ነው ብለህ ለሰው አላወራህም? ለአባቴ ሠራተኛ ቀጥሬለታለሁ፣ መድኃኒቱ አይጓደልም ትያለሽ። ጥሩ አደረግሽ። እጁን የያዝሽው መቼ ነው?

እኛም እዚህ ያለነው፣ አገልጋዮቹ፣ ከዚህ አናመልጥም። ይህ አዳራሽ፣ ይህ ድምፅ ማጉያ፣ ይህ ፕሮግራም ለማን ተሠራ? ለሰው። ለነፍስ። ባለፈው እሑድ ማይክራፎኑ ሲያፏጭ አዳራሹ በሙሉ ዞሮ አየ፤ ሁለት ሰዎች ሮጠው ሄዱ። አንዲት እህት ግን ከመካከላችን ከጠፋች ቆይታለች። ማን ዞሮ አየ? ማን ሮጠ? መዘምራኑ በዚህ ሙቀት በወፍራም ካባ ቆመው ሲያልባቸው «ቅባቱ ወርዶባቸዋል» እንላለን። ጠይቀናቸዋል?

ሰው ሲጨነቅ ሁልጊዜ አይጮኽም። አንዳንዱ ይስቃል። አንዳንዱ ሥራ ያበዛል። አንዳንዱ ከሁላችንም በላይ ያጨበጭባል። እኛም ምቱን እየያዘ ነው እንላለን። መዝሙሩ ሲቆም ስሙ! ፕሮግራሙ ሲያልቅ፣ እንግዳው ሲሄድ፣ ቴሌቪዥኑ ሲጠፋ ስሙ። ያኔም የማይቆም ድምፅ ካለ፣ እሱ ዘፈን አይደለም። እሱ እናንተን እየጠራ ነው።

ደምሰው ተመልሶ የሚጠይቃቸው እናት ተረፉለት። ሁሉም አይተርፍለትም። ከእኔ ጋር በዚህ ዓመት ቀብር የቆማችሁ ታውቃላችሁ።

ዛሬ የመዝጊያውን ጸሎት እኔ አልጸልየውም። ቤታችሁ ግቡ። ጫማችሁን ሳታወልቁ፣ ስልካችሁን ሳታዩ፣ ከሁሉም ዝምተኛ ወደሆነው ሰው ሂዱ። አጠገቡ ዝቅ በሉና «ምን ልሁንልህ?» በሉት። ከዚያ ዝም ብላችሁ ጠብቁ። ቢዘገይም ጠብቁ። ቢያለቅስም ጠብቁ። የሚላችሁ ነገር ያቀዳችሁትን ሁሉ የሚያፈርስ ቢሆንም ሰምታችሁ ተነሡና አድርጉት። እግዚአብሔር ያንን እንደ ጸሎት ይቀበለዋል።

ተነሡ፣ ሂዱ። እየጠበቋችሁ ነው።